ነውር ያለበት ኅብስት

የግብፁ ፕሬዚዳንት ናስር ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ኅዳር አሥር ቀን፣ እሁድ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ ወዳለው ቤተ ልሔም ገብቼ አባቴ ለመሥዋዕት የጋገራቸውን ሰባት ኅብስቶች አንድ በአንድ በጥፍሬ አቆሰልኳቸው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰዓቱን አልስተውም። ደወሉ የሚደወለው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ የነበረኝ ጊዜ ደግሞ አባቴ ከጉድጓዱ ውሃ ቀድቶ፣ ፊቱንና እግሩን ታጥቦ እስኪመለስ ብቻ ነበር።

አባቴን የቀበርነው ባለፈው ወር ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ስለ ኅብስቱ ሲያወራ ሰነበተ። "የፋኑስን እጅ የመሰለ እጅ ከእንግዲህ አናይም" ይላሉ። ያችን እሁድ ያነሳት ግን የለም፤ የሚያስታውሳት ሰው አልቋል።

አባቴ ቀን ቀን በሰው ማሳ ጥጥ ይለቅማል፣ ቦይ ይጠርጋል። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ግን ሌላ ሰው ነው። ገላውን ይታጠባል፣ ነጭ ጀለቢያውን ይለብሳል፣ እርሾውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ እሁድ ቅዳሴ እስኪያልቅ እህል አይቀምስም። ቤተ ልሔም ሴት አትገባም። እኔ ደጃፉ ላይ በተቆለለው የጥጥ ግንድ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ሊጡን ሲያቦካ ዳዊት ይደግማል፤ ሲደግም ድምፁ ከአፉ ሳይሆን ከትከሻው የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ድቡልቡሉን ሊጥ በእንጨት ማኅተሙ ይመታዋል፤ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ መስቀል፣ ዙሪያውን አሥራ ሁለት ትንንሽ። ቀጥሎ በሾለ እንጨት አምስት ቦታ ይወጋዋል። አምስቱ የጌታ ቁስል ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ተጋግሮ ከወጣ በኋላ ያለውን ነው። አባቴ እያንዳንዱን ኅብስት ከፋኖሱ ፊት ያዞረዋል፤ ዕንቁላል እንደምትገዛ ሴት። አረፋ ያወጣው፣ ጠርዙ የተሰነጠቀው፣ ጭስ የነካው ወደ ትልቁ ቅርጫት ይሄዳል፤ እሱ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ በረከት ሆኖ የሚቆረሰው ነው። ንጹሕ የሆኑት ሰባቱ ብቻ ትንሿ ቅርጫት ውስጥ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ይቀመጣሉ። ከሰባቱ ደግሞ ካህናችን አባ ቢሰንቲ አንዱን ይመርጣሉ። የተመረጠው "በጉ" ይባላል። ቅዱስ ሥጋው የሚሆነው እሱ ነው።

"አባዬ፣ ይሄኛው ለምን ወጣ?" አልኩት አንድ ቀን።

"አረፋ አውጥቷል። አይታይሽም?"

"ከታች እኮ ደህና ነው።"

"የታቹን ተዪው። በጉ ነውር የሌለበት መሆን አለበት። አንቺ እንዲህ የመሰለውን ለጌታ አቅርቢ ብትባዪ አታፍሪም?"

"አፍራለሁ።"

"ታዲያስ!" አለና ወደ ትልቁ ቅርጫት ወረወረው።

እህቴ ቴክላ ከዚያች እሁድ በፊት በነበረው ሰኔ መጨረሻ ተወለደች። የላይኛው ከንፈሯ እስከ አፍንጫዋ ተሰንጥቆ ነበር። ሰው "የጥንቸል ከንፈር" ይለዋል። ለእኔ ግን ጥንቸል አትመስለኝም ነበር፤ ሁሌ አንድ ነገር ልትለኝ የጀመረች ነበር የምትመስለኝ። ጡት መሳብ አትችልም። እናቴ ጡቷን ብርጭቆ ውስጥ እያለበች በሻይ ማንኪያ ታጠጣታለች፤ ግማሹ በአፍንጫዋ ይመለሳል። አንዲቷን ብርጭቆ ለመጨረስ ከጠዋት እስከ ቀትር ይፈጃል። ቤታችን በሙሉ ወተት ወተት ይሸት ነበር።

የአባቴ እህት፣ አክስቴ ሰኒያ፣ ሕፃኗን ለማየት የመጣች ቀን ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

"ጋሊያ፣ ጨረቃ የጠቆረች ለት ሆድሽን ነክተሻል፤ ከንፈሯ የተሰነጠቀው ለዚያ ነው።"

"እኔ ጨረቃ ሳይ የማመሽ ነኝ?" አለች እናቴ። "የሞሎኪያ ቅጠል ለወጥ ስቀነጥስ ነው ያመሸሁት፤ ያውም ለወንድምሽ።"

"እንግዲህ የነካሽውን አንቺ ታውቂያለሽ።"

"ሰኒያ፣ ወይ ማንኪያውን ያዢልኝ፣ ወይ በሩን ከውጭ ዝጊልኝ።"

አክስቴ ማንኪያውን ያዘች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ አፏ ነው የሚቀድማት።

ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች። የቴክላ ሰማንያ በመስከረም ደረሰ፤ አለፈም። እኔ ለጥምቀቷ ቀን ቢጫ ቀሚሴን አሳጥቤ አስቀምጬ ነበር። ልጅ ከተጠመቀ በኋላ ነጭ ለብሶ፣ ቀይ ሪባን ታስሮለት፣ ሻማ ከፊት ከፊት እየሄደ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይዞራል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። እኔም ሻማ ልይዝ ነበር። ማንም ቀኑን አልነገረኝም።

አንድ ምሽት፣ ሙቀቱ ስላልወጣ ሁላችንም ሰገነት ላይ ነበርን። የተኛሁ መስሏቸዋል።

"ሰማንያው አለፈ እኮ፣ ፋኑስ" አለች እናቴ። "አባ ቢሰንቲ ትናንትም ጠየቁኝ። 'ደካማ ናት፤ ዛሬ አምጧት' ነው ያሉት።"

"አሲዩጥ ከተማ ሐኪም አለ ብለውኛል። ከንፈሯ ይሰፋ፤ ከዚያ እናስጠምቃታለን።"

"መቼ?"

"ጥጡ ይለቀምና።"

"ልጅቷ እኮ ጥጡን አትጠብቅም።"

አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መንደሩ በሙሉ ቆሞ እያየ፣ እሷን ይዘው ዙሪያውን ሲዞሩ… እኔ የኅብስት ጋጋሪው ነኝ፣ ጋሊያ።"

"እና?"

"ተይኝ እስቲ።"

እኔ በጀርባዬ ተኝቼ ኮከብ እያየሁ ነገሩን በራሴ ፈታሁት። ነውር ያለበት አይቀርብም። አባቴ ሕጉን ያውቃል፤ ሕጉ የእግዚአብሔር ነው፤ ስለዚህ ቴክላ ካልተሰፋች እግዚአብሔር አይቀበላትም። ምንም አልከፋኝም። እንዲያውም ሐኪሙ የሚሰፋበት ክር ነጭ ይሆን ቀይ እያልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን የራሴን ነውር ስቆጥር እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ የተሸረፈ ጥርስ፣ ጉልበቴ ላይ ያለ ጠባሳ፣ አንዱ ጆሮዬ ከሌላው ይበልጣል። እኔን ለምን እንዳጠመቁኝ ይገርመኝ ነበር። ሳይታይ ቀርቶ ይሆናል አልኩ።

ቴክላ መስከረም ሃያ ዘጠኝ ቀን ሞተች። ወተቱ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ደረቷ ሦስት ቀን ሲያፏጭ ነበር። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች፤ አባቴ ጥጥ የሞላውን ጆንያ በራፉ ላይ ጥሎ ወደ ካህኑ ቤት ሮጠ። እናቴ ውሃ አሞቀች። በትልቁ የመዳብ ሣህን ሞላችውና እጇን ከታ ሙቀቱን ሞከረች። አባ ቢሰንቲ ባዶ ራሳቸውን፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር የደረሱት። በሩ ላይ ቆሙ። እናቴ ቴክላን ታቅፋ አየቻቸው። ሄደው ከሣህኑ ፊት ተንበረከኩ፤ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ፤ እዚያው አቆዩት፤ ከዚያ አወጡና በገዛ ጢማቸው ላይ አበሱት። ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ አልገባኝም። የሞተ አይጠመቅም።

ሣጥኗ የጫማ ሣጥን ታክላለች። አባቴ በብብቱ ያዛት። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነበር የሚወሰደው፤ የእኛ ግን ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ በቀጥታ ቦዩን ተሻግሮ ወደ አሸዋው ሄደ። አባ ያለ ልብሰ ተክህኖ ከኋላ ተከተሉ። እኔ ዞሬ ዞሬ የቤተ ክርስቲያኑን በር አየሁት፤ ተዘግቷል። ልክ ነኝ አልኩ በሆዴ። አልተቀበላትም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ የእናቴ ጥቁር ቀሚስ ደረቱ ላይ በሁለት ቦታ እየራሰ ይውል ነበር። ያዘነ ሰው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በዚያም የሚያለቅስ መሰለኝ። ሁለተኛ፣ እናቴ መቁረብ አቆመች። ቅዳሴ ትመጣለች፣ ከኋላ ካለው ዓምድ ሥር ትቀመጣለች፣ ሴቶቹ ነጠላ አገልድመው ወደ መቅደሱ ሲሰለፉ እሷ አትነሳም። መጨረሻ ላይ የበረከቱን ቁራሽ ተቀብላ ትወጣለች። በመንደራችን ሴት ሳትቆርብ አንድ እሁድ ቢያልፋት ይታለፋል፤ ሁለተኛውን ይጠየቃል፤ በሦስተኛው ወሬ ይሆናል። እሷ አምስት አለፋት።

አክስቴ ሰኒያ በር ላይ ያዘቻት። "ሰው እያየሽ ነው። ከቅዱስ ቁርባን የሚርቀው ምን ያደረገ ሰው ነው ይላሉ።"

"የሚሉትን ለምን አንቺ ትሸከሚልኛለሽ?"

"ለክብርሽ ብዬ!"

"መጀመሪያ አፍሽን ተጉመጥመጪና ቁረቢ፤ የእኔን ለእኔ ተዪልኝ።"

አክስቴ በጥቁር ሻሿ አፏን ሸፍና ሄደች። እኔ ግን ፈራሁ። ነውር ያለባትን የወለደች እሷ ስለሆነች፣ እሷም ወደ ትልቁ ቅርጫት የተጣለች መሰለኝ። ቁራሿን እየበላች ሙሉ ዕድሜዋን ከኋላ ልትቀመጥ ነው። ከዚያ ደግሞ ትሞታለች፤ በተዘጋው በር አልፈዋት ይሄዳሉ።

ያኔ ነው ያሰብኩት። ካህኑ በጉን ከመረጡ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ፤ እጃቸውን በውሃ አርሰው ኅብስቱን ላዩንና ታቹን ያብሱታል። ያ ጥምቀቱ ነው። ቀጥሎ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ራሳቸው ላይ አድርገው፣ ሻማ እየተከተላቸው መንበሩን ይዞራሉ። ልክ እንደ ሕፃን። እግዚአብሔር አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ነውር ያለበት ኅብስት ተጠምቆ ሲዞር አይቶ ዝም ቢል፣ ሕጉ ተሻረ ማለት ነው። ለቴክላም፣ ለእናቴም።

ችግሩ አባቴ ነው። ነውር ያለበት ከእጁ አያልፍም። ስለዚህ እሱ ከጨረሰ በኋላ መሆን አለበት። ደግሞ አንዱን ብቻ ባቆስል ካህኑ ይተዉታል። ሰባቱም መሆን አለባቸው።

ቤተ ልሔም ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። ከውጭ ከሚታየው ይጠባል፤ ይሞቃል። ጨርቁን ስገልጠው የኅብስቱ ትንፋሽ ፊቴን መታኝ። መስቀሎቹን እንዳልነካ ተጠንቅቄ ጠርዝ ጠርዛቸው ላይ የአውራ ጣቴን ጥፍር እስከ ሥጋዬ ተከልኩት፤ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ምልክት ይቀራል። አንድ። ሁለት። ሰባተኛውን ጨርሼ ጨርቁን መለስኩና ወጥቼ ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ጥፍሬ ሥር ፍርፋሪ ቀርቷል። ብልሰው ጾሜ ይፈርሳል፤ ባራግፈው የመሥዋዕት እህል መሬት ላይ ይወድቃል። ጨበጥኩት። አባቴ ፊቱ ውሃ እያንጠባጠበ መጣ፣ ቅርጫቱን በሁለት እጁ አነሳ፣ "ምን ያንዘፈዝፍሻል? በረደሽ?" አለና ሻርፑን አውልቆ አንገቴ ላይ ጣለልኝ።

ቅርጫቱ ወደ መቅደሱ ደጅ ሲወጣ ሕዝቡ ኪርያላይሶን ማለት ጀመረ። አርባ አንድ ጊዜ ነው የሚባለው፤ አባ ቢሰንቲ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሃያ ሳይሞላ መርጠው ይጨርሳሉ። የመጀመሪያውን አነሱ፤ ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ መለሱት። ሁለተኛውን አነሱ። ሦስተኛውን። ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። አባቴ ከወንዶቹ ፊት፣ የእንጨቱን መከለያ ይዞ ቆሟል። አንገቱ ከኋላ ሲቀላ አየሁት። አርባ አንዱ አለቀ። መዘምራኑ ተያዩና እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ሴቶቹ መንሾካሾክ ያዙ፤ አክስቴ ሰኒያ አንገቷን እንደ ዝይ አስግጋለች።

ትልቁ ዲያቆን ጎንበስ ብለው አንድ ነገር አሉ። አባ ሳይዞሩ መለሱላቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ ዲያቆኑ ነገሩኝ፤ "አባ፣ ሁሉም ተወግተዋል፤ ከትልቁ ቅርጫት ላምጣ?" ነበር ያሉት። አባ ደግሞ "መቼ ያልተወጋ አቅርበን እናውቃለን?" አሏቸው።

አንዱን አነሱ። በውሃ አበሱት። ላዩን፣ ታቹን፣ ዙሪያውን፤ የጥፍሬን ቦታ ጭምር። ጠቀለሉት፣ ራሳቸው ላይ አደረጉት፣ ዞሩ። ሻማዎቹ ተከተሉ። ጣሪያው አልወደቀም። መብራቱ አልጠፋም። እኔ ጭብጤን አጥብቄ "ገባች፣ ገባች" እያልኩ ነበር።

የቁርባን ሰዓት ደረሰ። ሴቶቹ ተነሱ። እናቴ አልተነሳችም።

"እማዬ፣ አሁን እኮ ይቻላል" አልኳት።

"ምኑ?"

"ሂጂ። ተቀብሏል።"

"ዝም በይና ተሰለፊ።"

"አንቺ ካልሄድሽ አልሄድም።"

ዞር ብላ አየችኝ። ልጅ አይቀርም፤ ከተጠመቅኩበት ቀን ጀምሮ አንድም እሁድ ቀርቼ አላውቅም። እጄን ያዘችኝ፤ የጨበጥኩትን እጅ ነው የያዘችው፤ እኔም አልፈታሁትም። ወንዶቹ ጋ ስመለከት አባቴም መከለያውን እንደያዘ ቆሟል። ሦስታችንም በዚያ ቀን ሳንቆርብ የበረከቱን ቁራሽ በልተን ወጣን።

አባ ቢሰንቲ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት መጡ። እኔን ወደ ጓሮ ሰደዱኝ፤ ከዝይዎቹ ማደሪያ ጋር የሚያዋስነው ግድግዳ ግን የሸንበቆ ነው። ሊቀጡኝ ነው የመጡት ብያለሁ።

መጀመሪያ የተናገረው አባቴ ነው። "አባ፣ የአሲዩጡ ሐኪም ሰበብ ነው። አፍሬባት ነው።"

"በማን?" አሉ አባ።

"በቴክላ። ሰው ፊት ይዤያት ልዞር አፈርኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ነውር እየለየሁ ስጥል ዓይኔ… ልጄንም እንደዚያው አየኋት።" ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ትልቅ ወንድ ሲያለቅስ ሰምቼ ስለማላውቅ አባ ሳል የያዛቸው መሰለኝ።

እናቴ ተናገረች። "አውቅ ነበር። እስክትናገረው ነው የጠበቅኩት።" ድምፅዋ እንደ ደረቅ እንጨት ነበር። "አባ፣ ሰው ሁሉ እግዚአብሔርን ያኮረፍኩ መስሎታል። እሱን አይደለም። ጠላቴን ጎኔ አስተኝቼ እየተነሳሁ እንዴት ልቁረብ? አፌ 'ይቅር በለን እኛም ይቅር እንደምንል' ሲል ምላሴ ይታሰራል። ስለዚህ ቀረሁ። ውሸታም ሆኜ ከምሄድ ብዬ።"

"መቅረትሽን ጌታ ከብዙ ሰው መቁረብ አብልጦ ያያል ብዬ አስባለሁ" አሉ አባ። "ግን እዚያው አትቅሪ።"

"የት ናት ልጄ?"

አባ ወንበራቸውን ወደ እሷ ሲስቡ ሰማሁ። "መጻሕፍት ገልጬ ልነግርሽ እችል ነበር። ያን ቀን እጄን ውሃው ውስጥ ከትቼ እኔም ይሄንኑ ጠይቄዋለሁ። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ የፈጠራት አንቺ ከወደድሻት አሳንሶ አይወዳትም።" ቀጥሎ ወደ አባቴ ዞሩ መሰለኝ፤ ድምፃቸው ወፈረ። "አንተ ግን ይሄን ጾም አትጋግርም። እሷ ሂድ እስክትልህ።"

ከሰማሁት ሁሉ የገባኝ ይቺ የመጨረሻዋ ብቻ ነበረች። አባቴ ከሥራው ተባረረ፤ ያስባረርኩት እኔ ነኝ። "ጠላቴ" ያለችው ደግሞ ሰይጣንን መሰለኝ፤ ሰይጣን ከእናቴ ጎን እንደሚተኛ ካወቅኩ ጀምሮ መኝታ ክፍላቸው መግባት ተውኩ።

የልደት ጾም ገባ። ኅብስቱን ከጎረቤት መንደር የመጣ ሰውዬ ይጋግር ጀመር፤ አክስቴ ሰኒያ "ጫማ ሶል" ትለው ነበር። አባቴ በየምሽቱ፣ ምስር በልተን ካበቃን በኋላ፣ ተነስቶ እናቴ እግር ሥር ግንባሩን መሬት ነክቶ ይሰግዳል። "በድያለሁ፤ ይቅር በዪኝ።" የመጀመሪያ ቀን እናቴ ተራምዳው ሳህኖቹን ይዛ ወጣች። በሁለተኛው ቀን "ተነስ፣ ወለሉ አልተጠረገም" አለች። በሦስተኛው ቀን ወለሉን ቀድማ ጠርጋው ነበር፤ እሱም እኔም አይተናል። እንዲህ ሆኖ ብዙ ሳምንት ሄደ። አንድ ቀን አባቴ ጉልበቱን አመመውና መነሳት አቃተው፤ እናቴ ብብቱን ይዛ አነሳችው። "ሸክምህም እንደ ኃጢአትህ ነው" አለችው። ያኔ ነው ቴክላ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ የሰማኋቸው፤ ሳቁ ወዲያው ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ እኔም ምን እንደሆነ ሳይገባኝ አብሬ አለቀስኩ።

በታኅሣሥ፣ አንድ ቅዳሜ፣ እናቴ የአባቴን ነጭ ጀለቢያ አጥባ ሰገነት ላይ አሰጣችው። ከሰዓት ላይ አወረደችና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

"ሂድና ጋግር።"

"ጋሊያ…"

"የሆነው ነገር ከሆዴ አልወጣም። ይወጣም አይወጣም አላውቅም። ጠላቴ ግን አይደለህም። ሂድ፣ እርሾው ይደርቃል።"

በማግስቱ እናቴ ከዓምዱ ሥር ተነሳች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ጫማዋን አወለቀች። እኔን ከፊቷ አስቀድማ ተሰለፈች። አክስቴ ሰኒያ ቦታ ለቀቀችላት፤ ለቅቃ ብቻ አልቀረችም፤ ከኋላ ሆና የእናቴን ነጠላ ጫፍ ከወለሉ አነሳችላት። እናቴ የቆረበችው አባቴ በዚያ ቀን ነውር የሌለበት ኅብስት ስለጋገረ ነው ብዬ ብዙ ዓመት አምኜ ኖሬያለሁ። የሆነውን ያወቅኩት አግብቼ፣ ወልጄ፣ እናቴ በእርጅናዋ እየቆራረሰች ስትነግረኝ ነው። የጥፍሩን ነገር ግን ለእሷም አልነገርኳት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሞተች፤ አልነገርኳትም።

አባቴ የመጨረሻውን ዓመት እኔ ዘንድ፣ መላዊ ከተማ ነበር። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ እግሩን ሳሸው፣ ይሄ ሰውዬ በሕይወቱ ትልቁን ነገር ያደረገው እኔ በሠራሁት ሐሰተኛ ተአምር ተታሎ ነው የሚል ሐሳብ ያስጨንቀኝ ነበር። እግዚአብሔር ኅብስቱን ያቆሰለበት መስሎት ነው የተናዘዘው ብዬ። ሳልነግረው ቢሞት እኔ ዕዳውን ይዤ መቅረቴ ነው፤ ብነግረው ደግሞ እምነቱን መንጠቄ ነው።

በጾመ ነነዌ ሳምንት አንድ ጠዋት አልቻልኩም፤ ነገርኩት።

ዓይኑን ሳይከፍት ሰማኝ። "ኢንሳፍ" አለ በስሜ ጠርቶኝ፣ "ከእሳት የወጣ ስንጥቅና የጥፍር ጭረት የማልለይ ጋጋሪ ነኝ?"

"ታውቅ ነበር?"

"አባ ገና የመጀመሪያውን ሲያነሱ። ጥፍሩ ትንሽ ነው። ቤተ ልሔም ደጃፍ ደግሞ ከአንቺ ሌላ ልጅ አልነበረም።"

"ታዲያ ለምን አልቀጣኸኝም?"

ዓይኑን ከፈተ። "እዚያ ቆሜ ለምን እንዳደረግሽው ሳስብ ነበር" አለ። "ወዲያው ገባኝ። ልጄ እግዚአብሔርን እኔን አድርጋ እንደምታየው ገባኝ። እንደ እኔ በፋኖስ እያዞረ የሚጥል። ከዚያ በኋላ ምን ቅጣት አለ? ቅጣቱ ለእኔ ነበር።"

ውሃ ጠየቀኝ። አጠጣሁት።

አባቴ ከዚያ ጾም በኋላ ሠላሳ ስድስት ዓመት ጋግሯል። በመንደራችን በነዝላ ደካማ ወይም ጉድለት ያለበት ልጅ ሲወለድ ሰማንያና አርባ ሳይቆጥር ወደ ካህኑ ቤት የሚሮጠውም እሱ ነበር፤ ሰዎች ሲስቁበት "ሳቁ፣ ግን ውሃ አሙቁ" ይላቸዋል። በዚህ መንገድ ካስጠመቃቸው አንዱ የአክስቴ የሰኒያ የልጅ ልጅ ነው። ከንፈሩ የተሰፋው በአራት ዓመቱ ነው፤ የተጠመቀው ግን በተወለደ በዘጠነኛው ቀኑ ነው። አሁን መላዊ ገበያ ውስጥ ጫማ ይሸጣል፤ ሦስት ልጆች አሉት።